ንግሥተ ዋቢ በደቻቱ

ታንኳዋ ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር የደረሰችው በሁለት ጆንያ ተጠቅልላ ነው። በአንዱ ሸራዋ፣ በሌላው እንጨቶቿ። ጋሪ ነጂው ከዋበሪ ሱቅ ደጃፍ አራገፋትና፣ «ይኸው፣ የአለምብርሃን ጀልባ!» ብሎ ሳቀ። የሚሳቅም ነገር ነበረው። ድሬዳዋ ውስጥ ባሕር የለም፤ ያለው ወንዝ ደቻቱ ነው፤ ደቻቱ ደግሞ በዓመት ውስጥ ብዙውን ቀን አሸዋ ነው።

ዋበሪ ሸራ ሰፊ ነው። የጭነት መኪና ሸራ፣ ድንኳን፣ የሱቅ ጥላ፣ የመጣለትን ሁሉ ይሰፋል። ሃምሳን አልፏል፤ ጺሙን በሂና ያቀላል። ፊደል ያስተማረው የለም። በየጆንያው ላይ የተጻፈውንና ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እያገላበጠ፣ ብቻውን፣ ስንት ዓመት ፈጅቶ አማርኛ ማንበብ ለምዷል። ይህን ግን ለማንም አልነገረም። ሲሠራ ክሩን በሰም እያሸ መርፌውን በጥርሱ ይነክሳል፤ መርፌ አፉ ላይ ካለ ደግሞ አይናገርም። በዚህ የተነሳ ሰው ሁሉ፣ «ዋበሪ ታጋሽ ነው፣ ሰሚ ነው» ይለዋል። እሱም ይህን ሲሰማ አይከፋውም።

አለምብርሃንን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ከደቻቱ ማዶ በከዚራ ሰፈር የተወለደ፣ ከሰው ግቢ ዘይቱን የሚሉትን ፍሬ ሰርቆ በደቻቱ አሸዋ ላይ እየሮጠ ያደገ ልጅ ነው። ያኔ ስሙ አለሙ ነበር። ተምሮ የመንግሥት ሹም ሆነ፤ ሦስት ዓመት ፈረንሳይ አገር ተቀምጦ ሲመለስ ሁለት ነገር ይዞ መጣ፤ ተጣጣፊ ታንኳና «እርስዎ»። ድሬዳዋ ውስጥ ሰው ሁሉ አንተ ነው። ሀብታሙም፣ ሽማግሌውም፣ ቃዲውም አንተ ሲባል ቅር አይለውም። አለምብርሃን ግን ከመርከብ ከወረደ ጀምሮ አንተ ያለውን ሰው እንዳልሰማ ሆኖ ያልፋል።

የዚያኑ ቀን ከወዳጁ ከመድኃኒት ሻጩ ከይትባረክ ጋር መጣ። ራሱ ላይ በረሃ ለሚሄዱ ፈረንጆች የተሠራ ትልቅ ነጭ ባርኔጣ ደፍቷል፤ ያውም ከከዚራ መጋላ ለመሻገር።

«ስማ አንተ ሰፊ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይተህ ታውቃለህ?» አለ አለምብርሃን።

«አላየሁም። አንተ ከየት አመጣሃት?»

ይትባረክ ደነገጠ። «እርስዎ በል እንጂ ሰውዬ! ከማን ጋር የምትነጋገር መሰለህ?»

«ከአለሙ ጋር ነዋ» አለ ዋበሪ፤ ከዚያ መርፌውን ነከሰ።

ታንኳዋን በመርከብ ስትመጣ አይጥ አፍንጫዋ ላይ በልቷታል። ስፌቱ ተፈቶ እንደገና መሰፋት፣ ሰምና ሬንጅ መቀባት ነበረበት። እንጨቶቿ ተገጣጥመው፣ ሸራዋ ለብሳ፣ በሁለት በርሜል ላይ ስትጋደም ሱቁን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞላችው። ሁለቱ ጌቶች ካርታቸውን የሚዘረጉበት ሌላ ሰፊ ጠረጴዛ ስላላገኙ እዚያው እሷው ጀርባ ላይ ዘረጉት። የዋቢ ሸበሌ ጉዞ ዝግጅት በዚህ ዓይነት ከዋበሪ ሱቅ ገባ፤ ሙሉ ወር ከአምስት ቀንም ከዚያ አልወጣ አለ።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ታንኳዋ በጭነት መኪና እስከ ኢሚ ትሄዳለች። ከኢሚ አለምብርሃን ፊት ተቀምጦ፣ ካሜራና ጠመንጃ ይዞ፣ ከኋላው አንድ ቀዛፊ አስቀምጦ፣ ሰው ባልሄደበት ውኃ እስከ ቀላፎ ይወርዳል። ሰው ባልሄደበት ሲል ዋበሪ ቀና ብሎ አየው። ዋበሪ የተወለደው እዚያው ኢሚ አጠገብ፣ ሶማሌዎች ዌቢ በሚሉት በዚሁ ወንዝ ዳር ነው። አባቱ በተነፋ ቆዳና በገመድ ሰውና ፍየል ሲያሻግሩ ነው የኖሩት። በአለምብርሃን ቋንቋ እሳቸውም ሰው አልነበሩም ማለት ነው።

ታንኳዋ ስም ያስፈልጋታል ተባለ። በዚህ አራት ቀን ተከራከሩ። በመጨረሻ ይትባረክ ምላሱን ነክሶ፣ ጎንዋ ላይ በነጭ ቀለም «ንግሥተ ዋቢ» ብሎ ጻፈ። ተጣጣፊ ወንበር ይሁን ወይስ ምንጣፍ የሚለው ሁለት ቀን ፈጀ። አዞ ቢመጣ ምን ይደረጋል ለሚለው ይትባረክ የነጭ ሽንኩርት ዘይት ሐሳብ አቀረበ። ዋበሪ እየሰፋ ሁሉንም ሰማ። የዌቢ አዞ ሽንኩርት ሸትቶት መንገዱን ሲለቅ በሐሳቡ አየና ትከሻው በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

አንድ ቀን አለምብርሃን እጁን ዘርግቶ፣ ሳይጠይቅ፣ ከዋበሪ ጭን ላይ ሰም የተቀባ ክር አነሳ። አንዱን ጫፍ ኢሚ ላይ፣ ሌላውን ቀላፎ ላይ አድርጎ ወጠረው።

«ይኸው! በቀን ይህን ያህል ብንሄድ በዘጠኝ ቀን ቀላፎ ነን። ትንሽ ብንሰንፍ ዐሥር።»

«ከዐሥር አያልፍም» አለ ይትባረክ፤ አብሮ የማይሄድ ሰው ነው፤ በመኪና ዞሮ ቀላፎ ላይ ሊጠብቅ ነው የተስማማው።

ዋበሪ ክሩን አየው። ዌቢ ተወጥሮ የተያዘ ክር አይደለም። ይጠመዘዛል፣ ተመልሶ ይመጣል፣ ያለፈውን ዛፍ ከኋላው እንደገና ያሳይሃል። አንድ ትልቅ ሾላ አለ፤ ጧት በቀኝህ ታየዋለህ፣ ማታ በግራህ። ይህን መናገር ይችል ነበር። ማን ጠየቀኝ ብሎ ክሩን መልሶ ተቀበለና መርፌ ውስጥ አስገባው።

የጉዞው ወር ነሐሴ ሆነ፤ የአለምብርሃን የዕረፍት ፈቃድ የነሐሴ ስለሆነ። ጥንቃቄ ማለት ምን እንደሆነ ለማሳየትም ቆላ ላለ አንድ ወዳጁ ቴሌግራም መታ፤ በነሐሴ እዚያ ዝናብ አለ ወይ ብሎ። መልሱ በሦስተኛው ቀን ደረሰና ከሱቁ ግድግዳ ላይ በሚስማር ተመታ። «በነሐሴ ዝናብ ፈጽሞ የለም።»

«ዓይኑን ያልጨፈነ ሰው እንዲህ ነው የሚጓዘው» አለ አለምብርሃን ባርኔጣውን እያስተካከለ። «አየህ ይትባረክ፣ ያገራችን ሰው በደመ ነፍስ ይነሳል። እኔ በማስረጃ።»

ዋበሪ ቴሌግራሟን ከተቀመጠበት አነበባት። እውነት ነው፤ ሶማሌዎች ሐጋ በሚሉት በዚያ ወር ኢሚ ላይ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ነው። ጠብታ የለም። ዌቢ ግን በዚያው ወር ነው ደጋ የዘነበውን ሁሉ ተሸክሞ፣ ቀይ ሆኖ የሚወርደው። ዛፍ ከነሥሩ ያመጣል። ዋበሪ በልጅነቱ አንዲት ግመል ጭነቷ ጀርባዋ ላይ እንዳለ፣ አንገቷን አቅንታ፣ ቆማ የምትሄድ ይመስል በውኃው ስትወሰድ አይቷል። አባቱ ያን ወር ገመዱን ጠቅልለው፣ ቆዳውን ሰቅለው ይቀመጡ ነበር።

ይህን ሁሉ እያወቀ ዝም አለ። ሰዎቹ ለመጠየቅ የሚያበቃ ሰው አድርገው አልቆጠሩትም፤ እሱም ለመልስ የሚያበቁ ሰዎች አድርጎ አልቆጠራቸውም። ከሰዓት በኋላ የአስር ሰላቱን ሰግዶ ሲነሳ፣ «ያ አላህ፣ በጅሎች ላይ ትዕግሥት ስለሰጠኸኝ ተመስገን» አለ። ትዕግሥት መስሎት ነበር።

በነጋታው ሲያድ መጣ።

ሲያድ የልጁ የፋርቱን ባል ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጭነት መኪኖች ላይ በሸክም ይሠራል፤ ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ትንሽ ፈረንሳይኛ እንደ ከረሜላ አፉ ውስጥ ያገላብጣል። ፋርቱን የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ሲያድ ለአማቱ ቁርስ ሊያደርስ ገባ እንጂ ሌላ ጉዳይ አልነበረውም። አለምብርሃን ግን በአራት ቋንቋ ሲቀልድ ሰማውና ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«መቅዘፍ ትችላለህ?»

«ያሳየኝ ሰው ካለ የማልችለው የለም፣ ጌታዬ። እርስዎ ያሳዩኝ!»

«እርስዎ» የምትለው ቃል እዚያ ሱቅ ውስጥ ሳትለመን ስትነገር የመጀመሪያዋ ነበረች። አለምብርሃን ፊቱ በራ። ያኔውኑ ቀዛፊም፣ አስተርጓሚም አደረገው። ከጉዞው ሲመለሱ መሥሪያ ቤቱ አስተርጓሚ አድርጎ ሊያስቀጥረው ቃል ገባለት፤ ወንበርና ጠረጴዛ ያለው ሥራ። ሲያድ በርሜሎቹ ላይ በተጋደመችው ታንኳ ገብቶ ተቀመጠና አየሩን መቅዘፍ ጀመረ። ልጆች በሩ ላይ ተሰብስበው አጨበጨቡ።

«ዋና ታውቃለህ?» አለው ዋበሪ፤ መርፌውን ከአፉ ያወጣው በወሩ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«የት ልወቅ፣ አዴር? በባልዲ?» አለ ሲያድ፤ አማቱን በሶማሊኛ አጎቴ ብሎ ነው የሚጠራው።

«ዋና አያስፈልግም» አለ አለምብርሃን። «ታንኳ የተሠራችው ሰው እንዳይዋኝ ነው።»

ዋበሪ እጁ ቆመ። ወር ሙሉ ሲያዝናናው የነበረው ጅልነት አሁን የልጁን ባል ከኋላው አስቀምጦ ሊሄድ ነው።

በዚያው ከሰዓት ሱቁ ባዶ ሲሆን የሸራ መቁረጫ ቢላዋውን አንስቶ ታንኳዋ አፍንጫ አጠገብ ተንበረከከ። ሁለት ስፌት ቢበጥስ፣ ሰም ቢቀባበት፣ ማንም አያይም፤ ለመጫን ሲያነሷት አፍንጫዋ ይፈታል፣ ጉዞው ይቀራል። እስከ ኢሚ ሳትፈታ ብትቆይና መሃል ወንዝ ላይ ብትፈታስ? ያን አሰበና ቢላዋውን ከስፌቱ አራቀ። ደግሞም የሰው ንብረት እጁ ላይ አደራ ነው፤ ባለቤቱ ጅል ስለሆነ አደራነቱ አይቀርም። «አስተግፊሩላህ፣ አላህ ይማረኝ» ብሎ ቢላዋውን ወደ ቦታው መለሰ። የተናደደ ሰው አጥብቆ እንደሚሰፋ ያን ቀን አወቀ፤ ያን አፍንጫ በሕይወቱ ሰፍቶ የማያውቀውን ያህል አጥብቆ ሰፋው።

ማታ እራት ላይ ለሲያድ ነገረው። የዌቢን ቀይ ውኃ፣ ግመሏን፣ የአባቱን የተሰቀለ ቆዳ። ሲያድ ጎርሶ አኘከና ዋጠ።

«ጉዞው ከታሰበ ስንት ቀን ሆነው፣ አዴር?»

«ወር አልፎታል።»

«ወር ሙሉ አንተ እዚያው ነህ። ካርታው አፍንጫህ ሥር ነው። ይህ ነገር እውነት ቢሆን በመጀመሪያው ቀን አትናገርም ነበር? እኔ ስገባበት፣ እኔ ሰው ልሆን ስል ነው ወንዙ ቀይ የሆነው? ወላሂ፣ ሸክም ላይ እንድቀር ነው የምትፈልገው!» ተነስቶ ወጣ።

ፋርቱን ሳህኑን እያነሳች ቀስ ብላ ተናገረች።

«አቦ፣ አባቴ፣ ሰው ሁሉ ታጋሽ ይልሃል። አንተ ግን ዝም የምትለው ሰው ስትንቅ ነው። ልጅህ ነኝ፣ አውቅሃለሁ። እናቴንም ስትቆጣ እንዲሁ ነበርክ።» ሆዷን ደግፋ ቀጥ አለች። «ነገ ለሰውዬው ንገረው። እየለመንክም ቢሆን።»

ዋበሪ ሌሊቱን አልተኛም ማለት ይቀላል፤ እሱ ግን ተኝቷል። ያልተኛው ጧት ነው፤ ከሱብሂ ሰላት በኋላ እንደ ልማዱ ጋደም ማለት አቃተው።

አለምብርሃን ሲመጣ ተነስቶ ተቀበለው። ሸራ ሰፊው ቆሞ ሲቀበለው የመጀመሪያው ነው።

«እርስዎ» አለ ዋበሪ። ቃሏ አፉ ውስጥ እንደ ጠጠር ተንከባለለች። «አንድ ነገር ልንገርዎ። በነሐሴ ዌቢ ይሞላል። እዚያው ነው የተወለድኩት። ነሐሴን ይተዉትና በጥር ይሂዱ፤ ያኔ ሕፃን ይሻገረዋል።»

አለምብርሃን «እርስዎ»ዋን ተቀበለ፤ የቀረውን ግን አልተቀበለም። «ሰፊ ሆይ፣ ግድግዳህ ላይ ምን ተጽፏል? … ይቅርታ፣ አታነብም ለካ።»

«በነሐሴ ዝናብ ፈጽሞ የለም» ብሎ ዋበሪ አነበበ፤ ፊደል ሳይጎድልበት። ይትባረክ አፉን ከፈተ። «ስለ ዝናብ ጠየቁ፣ ስለ ዝናብ መለሱልዎ። ስለ ወንዙ አልጠየቁም።»

«ዝናብ የሌለበት ወንዝ ከየት አምጥቶ ይሞላል?»

«የደቻቱ ልጅ ሆነህ ነው ይህን የምትጠይቀኝ?» አለ ዋበሪ፤ እርስዎዋ አመለጠችው።

«ደቻቱ ወንዝ ነው? ደቻቱ አሸዋ ነው!» አለምብርሃን ለይትባረክ ጠቀሰው። «ፍራቻ መቼም ምክንያት አያጣም። ሲያድ፣ አማትህ ፈራልህ!»

በሩ ላይ የቆመው ሲያድ ሳቀ። አማቱን ግን አላየውም።

ከዚያ ወዲያ የቀረው ሥራ የወገብ ሸራው ብቻ ነበር። ከታንኳዋ ጋር በመጣው መጽሐፍ ላይ በተሣለው መሠረት፣ ውኃ ወደ ውስጥ እንዳይረጭ፣ ከታንኳዋ ጠርዝ ተሰፍቶ የቀዛፊውን ወገብ ዙሪያውን የሚይዝ ሸራ ነው፤ በብረት ቀለበት ውስጥ ገመድ ያልፍና ከኋላ ይታሰራል። ዋበሪ ሰፋው። ደህና አድርጎ ሰፋው። እየሰፋ ሲያድ ይህን ታጥቆ በዚያ ውኃ ላይ ሲወርድ ያያል፤ እጁ ግን የሚያውቀው ጥሩ መስፋት ብቻ ነው።

የመነሻው ዋዜማ ዕለት ፎቶግራፍ ሊነሱ ታንኳዋን ተሸክመው ደቻቱ አሸዋ ላይ አወረዷት። ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐዩ ከረር ብሏል፤ ከከተማው በላይ ሰማዩ ባዶ ነው። ዕቃው ሁሉ ተጫነ፤ ወንበሩ፣ ሣጥኑ፣ የነጭ ሽንኩርት ዘይቱ። ሲያድ ከኋላ ገብቶ ተቀመጠ። አለምብርሃን መጽሐፉን እየተመለከተ የወገብ ሸራውን ገመድ ራሱ አሰረለት፤ የመርከበኞች ቋጠሮ ነው አለ፣ ሦስት ጊዜ ተጠምዝዞ በራሱ ውስጥ የሚያልፍ። ከዚያ ባርኔጣውን ደፍቶ ከታንኳዋ ፊት ቆመ። ይትባረክ ሦስት እግር ያለውን ካሜራ እየጎተተ፣ «ቅዘፍ ሲያድ! እንደሚቀዝፍ ሰው ሁን!» ይላል። ሲያድ አሸዋውን ቀዘፈ።

ዋበሪ የተረሳ ገመድ ይዞ የደረሰው ያኔ ነው። ከዳር ላይ ቆሞ አየ። መጀመሪያ ያያቸው ጌቶቹን አይደለም፤ ሐብሐብ ሻጯን ፋዱማን ነው። ፋዱማ አሸዋው መሃል የዘረጋችውን ሰሌን ሳትቸኩል፣ ሳትናገርም፣ እየጠቀለለች ነው። ከእሷ ወዲያ ልብስ አጣቢዎቹ እርጥቡን ልብስ እየሰበሰቡ ነው። ዋበሪ ፊቱን ደቻቱ ወደሚነሳበት ወደ ደንገጎ ተራራ አዞረ። ተራራው የለም። በቦታው ጥቁር ደመና ተቀምጧል።

«ከአሸዋው ውጡ!» ብሎ ጮኸ። ሰው ጮኾ ሰምቶት ስለማያውቅ ድምፁን ለራሱም አላወቀውም።

«ጥላህን አንሳ ከካሜራው!» አለ ይትባረክ።

ከዚያ ድምፁ መጣ። ብዙ ጋሪ በአንድ ጊዜ ድንጋይ ላይ እንደሚሄድ ያለ ድምፅ ነው፤ የድሬዳዋ ልጅ በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ የሚማረው። እናም አለምብርሃን፣ በማስረጃ የሚጓዘው ሰው፣ ማስረጃ አልጠየቀም። መጽሐፉን ጣለ፤ ባርኔጣው ወደቀ፤ ፍሬ ሰርቆ እንደሚያመልጠው ልጅ ጉልበቱን ከፍ ከፍ እያደረገ ወደ ከዚራ ዳር ሮጠ። ጭንቅላቱ የረሳውን እግሩ አልረሳም። ይትባረክ ካሜራውን እንደ ሕፃን አቅፎ ተከተለው። አንዳቸውም ወደ ኋላ አላዩም።

ሲያድ ሊነሳ ሞከረ፤ ሸራው ወገቡን ይዞታል። ቋጠሮው ከኋላው ነው፤ ጣቱ አይደርስበትም። ቢጎትት ይብስ ይጠብቃል። ታንኳዋን ከነጭነቷ ሊያንቀሳቅሳት አልቻለም።

«አዴር!» አለ፤ እንደ ልጅ።

ዋበሪ አሸዋው ላይ ነበር። እንዴት እንደወረደ አላስታወሰም። ቋጠሮውን በእጁ ነካው፤ እንደ ድንጋይ ሆኗል። ውኃው ከመታጠፊያው ብቅ አለ፤ ፊቱ ላይ አረፋ፣ ቅርንጫፍና የሰው ጫማ የተሸከመ ቡናማ ግድግዳ፤ ከፍ ያለ አይደለም፣ እስከ ጉልበት ነው፣ ከኋላው ግን እየጨመረ ነው የሚመጣው። ዋበሪ ቢላዋውን አወጣ። «ቢስሚላህ» አለና ከሲያድ ሆድ ጀምሮ እስከ ታንኳዋ ጠርዝ የገዛ ስፌቱን ሰነጠቀው። ሸራው ወዲያው እሺ አላለም። ያጠበቀው እሱ ነውና ሁለቴ ጎተተ፣ ሦስቴ ጎተተ፤ ቢላዋው አምልጦ መዳፉን ከፈተው። ውኃው ጉልበቱን ሲመታው ሲያድን በብብቱ ሥር ይዞ ነቀለው።

«ካለይ! ና! ና!»

ዳር ሲደርሱ ፋዱማና ልብስ አጣቢዎቹ በሻሻቸው ጎትተው አወጧቸው። አፋቸው በአሸዋ ተሞልቷል። ንግሥተ ዋቢ ከነወንበሩ፣ ከነሽንኩርት ዘይቱ ተነሳች፤ ዞር አለች፤ አፍንጫዋን ወደ ቆላ አቀናች። ሰባት ወይም ስምንት ቤት የሚያሳልፍ ርቀት በኩራት ሄደች። አፍንጫዋ ላይ ያለው የዋበሪ ስፌት ውኃ አላስገባም። ውኃው የገባው እሱ በቢላዋ በሰነጠቀው በኩል ነው።

ሲያድ ተቀምጦ አሸዋ ተፋ። ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፤ ባዶ ነው። ውኃውን አየ።

«እዚህ አልዘነበም» አለ።

«አልዘነበም።»

«ኢሚም እንዲህ ነው?»

«ይህ ለዌቢ ምራቁ ነው፣ ልጄ።» ዋበሪ መዳፉን በጥምጥሙ ጫፍ ጠቀለለ። «በመጀመሪያው ቀን ልነግራቸው ይገባ ነበር። ንቄያቸው ነው የተውኩት። ለዚህ አላህ ይጠይቀኛል።»

ሲያድ የተጎዳውን እጅ ይዞ ወደ ደረቱ አስጠጋው።

ከወዲያኛው ዳር፣ ከውኃው ማዶ፣ አለምብርሃን እጁን እያወናጨፈ ይጮህ ነበር። ፋዱማ ጆሮዋን አቀናች። «ምን ይላል ሰውዬው?»

«ታንኳዬን ቀደደብኝ ይላል» አለ ሲያድ፤ በአራት ቋንቋ የሚያስተረጉም ልጅ ነውና።

ፋዱማ ሳቋ መጣ፤ አጣቢዎቹም ተከተሏት፤ ሲያድም እያሳለው ሳቀ። ዋበሪ ግን አልሳቀም። ሊስቅ ከንፈሩ ሲከፈት አስተግፊሩላህ ብሎ መልሶ ገጠመው።

ጉዞው በአንድ ሸራ ሰፊ ተንኮል ተሰናከለ ተብሎ ከዚራ ቡና ቤቶች ውስጥ ተወራ። ታንኳዋን ከሁለት ሳምንት በኋላ በቆላው በኩል ፍየል ጠባቂዎች አገኟት። እንጨቶቿን አነደዷቸው፤ ሸራዋን ለግልገል ማሳደሪያ ጣሪያ አደረጉት። በዚያ ያለፈ የጭነት መኪና ሰው «ንግሥተ ዋቢ» የሚለው ጽሑፍ ተገልብጦ ከፍየሎቹ በላይ እንደሚታይ ተናገረ። ሲያድ ሸክሙን ቀጠለ። ፋርቱን በመስከረም ሴት ልጅ ወለደች።

በኅዳር አለምብርሃን መጋላ ተመልሶ መጣ። ባርኔጣው አዲስ ነው፤ ካርታውም አዲስ ነው። ይህን ጊዜ አዋሽ ነው። ከዋበሪ ሱቅ የተሻለ ሸራ የሚሰፋ እንደሌለ፣ የተቀደደውን ታንኳ ክፍያም እንደተወለት ነገረው፤ ከዚያ እጁን ዘርግቶ ከሰፊው ጭን ላይ ክር አነሳና ካርታው ላይ ወጠረው።

ዋበሪ መርፌውን ከአፉ አወጣ። ጠባሳው ገና ቀይ የሆነውን መዳፉን ክሩ ላይ ጫነበት።

«አለሙ» አለው። «አልጠየቅኸኝም። እነግርሃለሁ።»

ነገረውም። ወንዙ ስለሚታጠፍበት፣ ስለ ደጋው ዝናብ፣ ዋና ስለማያውቅ ቀዛፊ፣ ስለ ቋጠሮ፣ የሚያውቀውን ሁሉ፣ አንድም ሳያስቀር፣ እስከ ቀትሩ የዙሁር አዛን ድረስ። አለምብርሃን ካርታውን እያየ፣ «እሺ፣ እሺ» አለ፤ ከመጀመሪያው እሺ በኋላ አንዱንም አልሰማም። ዋበሪ ይህን አየ። የድሮው ንቀት እንደ ሬንጅ ሽታ አፍንጫው ሥር መጣ። ጨርሶ አይለቀውም፤ በየሰላቱ አላህ እንዲያስለቅቀው የሚለምነው እሱኑ ነው። መናገሩን ግን አላቋረጠም።